ፊት፣ ክንድ፣ ንግግር፣ ሰዓት፦ ስትሮክን ለይቶ ማወቅና መከላከል



በዚህ የዓመት መጽሔታችን ስለ ፈተና ውጤት፣ ስለ ስፖርትና ስለ ተመራቂዎቻችን በሰፊው ተጽፏል። እኛ ደግሞ በዚህ ጽሑፍ በብዙ ቤት ስለገባ፣ ነገር ግን በትክክለኛ ስሙ ስለማይጠራ አንድ ሕመም ልናስረዳ ወደናል። አንዳንዱ ‹‹ምት ነው›› ይለዋል፤ ሌላው ‹‹መጋኛ መታው›› ይላል፤ ‹‹ግማሽ ጎኑ ሞተ›› የሚልም አለ። ሐኪሞች ስትሮክ ይሉታል። ስሙን ማወቅ ብቻውን አያድንም። ሆኖም መጋኛ ነው ያለ ሰው ዋግምት የሚያወጣ ባለሙያ ፍለጋ ይሄዳል፤ ስትሮክ ነው ያለ ሰው ግን መኪና ይፈልጋል። በሁለቱ መካከል የሚባክነው ሰዓት የአንድን ሰው ቀሪ ዕድሜ ይወስናል።

ጉዳዩ የሐኪም ቤት ሆኖ ሳለ በትምህርት ቤት መጽሔት ለምን ወጣ የሚል አይጠፋም። በሞያሌ ብዙ ወላጆች ከጠዋት እስከ ማታ በገበያ፣ በመኪና ሥራ ወይም በቢሮ ናቸው። ቤት የሚውሉት አያቶች ናቸው፤ ከትምህርት ቤት ቀድሞ የሚመለሰውም ልጅ ነው። ስለዚህ የአያት አፍ ሲጣመም መጀመሪያ የሚያየው ሰው የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሊሆን ይችላል። በዓለም ላይም ይህን የተረዱ አሉ። በግሪክ ተጀምሮ ወደ ሌሎች አገሮች የተስፋፋው ‹‹ፋስት ሂሮስ›› የተባለ ትምህርት ትንንሽ ተማሪዎችን የስትሮክ ምልክት እያስተማረ፣ በእነሱ በኩል አያቶቻቸውን ይደርሳል። እኛም ተማሪዎቻችን ይህን ያህል ኃላፊነት መሸከም እንደሚችሉ እናምናለን።

ስትሮክ ምንድን ነው?

አንጎላችን ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ከምንተነፍሰው ኦክስጅን አንድ አምስተኛ የሚሆነውን የሚጠቀመው እሱ ነው። ስንቅ አያስቀምጥም፤ የሚኖረው በየሰከንዱ በሚደርሰው ደም ነው። ይህ ደም ወደ አንዱ የአንጎል ክፍል መድረሱን ሲያቆም ስትሮክ ይባላል።

መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው የደም ሥር ሲደፈን ነው፤ በቧንቧ ውስጥ ቆሻሻ ተጠራቅሞ ውኃ እንደሚያግድ ሁሉ፣ የረጋ ደም ወይም ስብ መተላለፊያውን ይዘጋዋል። በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ነው። ሁለተኛው የደም ሥር ሲፈነዳና ደም በአንጎል ውስጥ ሲፈስ ነው። ሁለቱን ከውጭ በማየት ብቻ መለየት አይቻልም። ሐኪምም ቢሆን በእርግጠኝነት የሚለያቸው ሲቲ ስካን በተባለው የራስ ምርመራ ነው።

አሜሪካዊው ሐኪም ጄፍሪ ሴቨር እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ስሌት መሠረት፣ ትልቅ የደም ሥር ተደፍኖ ሕክምና ሳይገኝ በሚያልፈው በእያንዳንዱ ደቂቃ 1.9 ሚሊዮን ያህል የአንጎል ነርቭ ሕዋሳት ይሞታሉ። የሞተ የነርቭ ሕዋስ እንደ ተቆረጠ ፀጉር ተመልሶ አያድግም። ‹‹እስኪ ትንሽ ይተኛና እናያለን›› የሚለው ንግግር ምን ያህል ውድ እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አራቱን ቃላት እንያዝ

ምልክቶቹን ለማስታወስ አራት ቃላት ይበቃሉ፦ ፊት፣ ክንድ፣ ንግግር፣ ሰዓት።

ፊት። ሰውየውን ‹‹እስኪ ፈገግ በሉ›› በሏቸው። አንዱ የአፍ ጫፍ ወደ ታች ከወረደ ወይም አንዱ ጉንጭ አልንቀሳቀስ ካለ ምልክት ነው።

ክንድ። ሁለቱንም ክንዶች ወደ ፊት ዘርግተው ዓይናቸውን ይጨፍኑ። አንዱ ክንድ ቀስ እያለ ከወረደ ወይም ጭራሽ አልነሳ ካለ ምልክት ነው። እግርም እንዲሁ ሊከዳ ይችላል።

ንግግር። አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር እንዲደግሙ ጠይቁ፤ ለምሳሌ ‹‹ዛሬ ከገበያ ወተት ገዛሁ››። ምላሳቸው ከተሳሰረ፣ ቃል ከጠፋባቸው ወይም የምትሉትን ካልተረዱ ምልክት ነው።

ሰዓት። ከሦስቱ አንዱ እንኳን ከታየ ሰዓቱን መዝግቡና ወደ ሐኪም ቤት ተነሡ። ሦስቱም እስኪሟሉ መጠበቅ አያስፈልግም።

ከእነዚህ ሌላ በድንገት የሚመጣ የዓይን ብዥታ ወይም የአንድ ዓይን አለማየት፣ ሚዛን ስቶ መንገዳገድ፣ ከዚህ በፊት ያልታወቀ ከባድ ራስ ምታትም አብረው ሊታዩ ይችላሉ። ዋናው ቃል ‹‹በድንገት›› የሚለው ነው። ስትሮክ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጉንፋን ቀስ ብሎ አይጀምርም።

ስለ ንግግር ምልክት በከተማችን ልናስብበት የሚገባ ነገር አለ። ሞያሌ የቦረንኛ፣ የሶማሊኛ፣ የቡርጂኛ፣ የስዋሂሊና የአማርኛ ከተማ ናት። አኮ ብንላቸው፣ አዬዮ ብንላቸው፣ እማማ ብንላቸው፣ አያቶቻችን አፋቸውን የፈቱበት ቋንቋ አንድ አይደለም። ስለዚህ ፈተናው የሚደረገው እሳቸው በደንብ በሚናገሩት ቋንቋ ነው። ብዙ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ስትሮክ ሲይዘው ቋንቋዎቹ እኩል ላይጎዱ ይችላሉ፤ አንዱ ጠፍቶ ሌላው በመጠኑ ሊቀር ይችላል። ሐኪም ቤት ስንደርስም ነርሷ በስዋሂሊ ወይም በእንግሊዝኛ ጠይቃ መልስ ብታጣ፣ አያታችን ቋንቋውን ስለማያውቁ ነው ወይስ መናገር ስላቃታቸው የሚለውን መንገር የሚችለው አብሮ የሄደው ሰው ነው። ‹‹ትናንት በቦረንኛ አሳምረው ያወሩ ነበር፤ ዛሬ በቦረንኛም አቅቷቸዋል›› የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ለሐኪሙ ትልቅ ማስረጃ ነው።

ምልክቱ መጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ቢጠፋስ? ‹‹እግዜር ይመስገን፣ ተሻለ›› ብሎ መተው አይገባም። ይህ ትንሹ ስትሮክ የሚባለው ማስጠንቀቂያ ነው። ትልቁ የሚከተልበት ዕድል ከፍተኛ የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ስለሆነ በዚያው ዕለት መታየት ያስፈልጋል።

‹‹ስንት ሰዓት ላይ ነው የጀመረው?››

በድፍን የተነሣን ስትሮክ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ። በአሜሪካ ለዚህ ሕክምና የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1996 ነበር። በጠቅላላው ይህ መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጥቅሙ እያነሰ የመድማት አደጋው ይበልጣል። በየሆስፒታሉ አይገኝም፤ የሚሰጠውም ደም አለመፍሰሱ በሲቲ ስካን ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ መጀመሪያ ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አንዱ ‹‹ደኅና ሆነው ለመጨረሻ ጊዜ የታዩት መቼ ነው?›› የሚል ይሆናል።

በኛ አገር ይህ ጥያቄ አንድ ወጥመድ አለው። እኛ በአማርኛ ጠዋት 3 ሰዓት የምንለው በሐኪም ቤት መዝገብ 9 ሰዓት ተብሎ ነው የሚጻፈው። በስዋሂሊም አቆጣጠሩ እንደኛው ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን ስድስት ሰዓት ይለያል። አንድ አባት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አመማቸው እንበል። 5 ሰዓት ላይ ሐኪም ቤት ደረሱ፤ ያለፈው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ልጃቸው ደንግጦ በእንግሊዝኛ ‹‹ሦስት ሰዓት ላይ›› ቢልና የሚሰማው ሰው ሌሊቱን 3 ሰዓት ብሎ ቢረዳ፣ በመዝገቡ ላይ ስምንት ሰዓት ያለፈ ይመስላል። በዚህ አንድ ቃል ብቻ ሰውየው ‹‹ጊዜው ያለፈበት›› ከሚባሉት ወገን ሊቆጠሩ ይችላሉ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከሰዓቱ ይልቅ ያለፈውን ጊዜ እንናገር፦ ‹‹ከሁለት ሰዓት በፊት ነው የጀመረው››። ያለፈ ጊዜ በአማርኛም በእንግሊዝኛም አንድ ነው። በእርግጠኝነት ለማስረዳት ‹‹ከዙሁር አዛን በፊት›› ወይም ‹‹ልጆች ለእረፍት ሲወጡ›› ማለትም ይረዳል። ሰውየው ከእንቅልፍ ሲነሡ ታምመው ከተገኙ ደግሞ የሚቆጠረው ከተነሡበት ሰዓት አይደለም፤ ማታ ደኅና ሆነው ከተኙበት ነው።

እስከ ሐኪም ቤት ድረስ

አንደኛ፣ ተጮኾ ሰው ይጠራ። ልጅ ብቻውን ከሆነ ጎረቤት ይጥራ፤ ወላጁ ጋ ይደውል። የኬንያ የአደጋ ጊዜ ቁጥሮች 999 እና 112 ናቸው። በከተማችን ብዙ ሰው የሁለቱን አገር ሲም ስለሚይዝ፣ ጥሪው በኬንያው ሲም መሆኑን ልብ በሉ። አምቡላንስ የሚዘገይ ከሆነ በተገኘው መኪና ወደ ሞያሌ ሆስፒታል መሄድ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ሰውየው በጎናቸው ይተኙ፤ ጠባብ ልብስ ይላላ። ሦስተኛ፣ ውኃም ቢሆን፣ ሻይም ቢሆን፣ ማርም ቢሆን በአፋቸው አይሰጥ። ስትሮክ የመዋጥን ኃይል ስለሚያዳክም ምግብና መጠጥ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። አራተኛ፣ አስፕሪን አይሰጥ፤ ሕመሙ የደም መፍሰስ ከሆነ ያባብሰዋል። የግፊት ክኒን ደራርቦ መስጠትም አደጋ አለው። አምስተኛ፣ ማሸት፣ ዋግምት፣ ደም ማውጣትና ፌጦ ማሽተት ሰዓት ከመውሰድ በቀር አይረዱም። ጸሎትና ዱዓን በሚመለከት ግን አንዱ ሌላውን አይከለክልም፤ በመኪና ውስጥም ይደረሳል።

ሲቲ ስካን በሌለበት ጤና ጣቢያም ቢሆን መድረሱ ዋጋ አለው። በደም ውስጥ ያለ ስኳር ከመጠን በላይ ሲወርድ ልክ ስትሮክ ሊመስል ይችላል፤ ይህን በአንዲት የጣት ጠብታ ደም መለየትና ወዲያው ማከም ይቻላል። ወደ ሌላ ሆስፒታል መተላለፍ ካስፈለገ የሚወስኑት ባለሙያዎቹ ናቸው። ከሞያሌ እስከ ማርሳቢት 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ናይሮቢ ወደ 800 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። አስፋልቱ ከመሠራቱ በፊት በጭነት መኪና ቀናት የሚፈጅ መንገድ ዛሬ አጥሯል፤ ነገር ግን ለአራት ሰዓት ተኩል ሕክምና አሁንም ረጅም ነው። ስለዚህ ወላጆች በጤናቸው ጊዜ ሁለት ነገር እንዲጠይቁ አደራ እንላለን፦ ሲቲ ስካን የሚሠራበት ቅርብ ቦታ የት ነው? የቤተሰባችን የጤና መድን ምን ይሸፍናል?

ከታሪክ የምንማረው

ስትሮክ ባለጸጋና ድኻ፣ ንጉሥና ገበሬ አይለይም። የአድዋው ድል አድራጊ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በመጨረሻ ዘመናቸው ተደጋጋሚ ስትሮክ ደርሶባቸዋል። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1909) የደረሰባቸው ከባዱ ሽባ አድርጎ አንደበታቸውን ያዘው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ከአራት ዓመት በላይ አልጋ ላይ ቆዩ፤ አገሪቱም ንጉሠ ነገሥቷ በሕይወት እያሉ በእቴጌ ጣይቱ፣ ቀጥሎም በራስ ተሰማ ናደውና በሌሎች መኳንንት ስትመራ ቆየች። አንድ የደም ሥር የአንድን መንግሥት ጉዞ ሊለውጥ ከቻለ፣ የአንድን ቤት ኑሮ እንዴት እንደሚለውጥ መገመት አያዳግትም።

በክንድ ላይ ታስሮ የደም ግፊት የሚለካው መሣሪያ የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1896፣ አድዋ በተዋጋንበት በዚያው ዓመት፣ በጣልያናዊው ሐኪም ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ ነበር። ግፊትን በቀላሉ በሚዋጥ ክኒን በደኅና መቆጣጠር የተቻለው ግን ከ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ነው። ለንጉሠ ነገሥት ያልተገኘው ነገር ዛሬ በየመድኃኒት ቤቱ አለ።

በኬንያም የታወቀ ታሪክ አለ። የመድብለ ፓርቲ ትግል መሪ የነበሩት ኬኔት ማቲባ እ.ኤ.አ. በ1990 ታስረው በ1991 እዚያው እስር ላይ እያሉ ስትሮክ ያዛቸው። ተገቢውን ሕክምና በጊዜው አለማግኘታቸው በፍርድ ቤት ተነሥቶ፣ በ2017 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ካሣ ወስኖላቸዋል። ማቲባ በ1992 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው ሁለተኛ ወጡ፤ ጉዳቱ ግን በ2018 እስካረፉበት ጊዜ አልተለያቸውም። ከስትሮክ በኋላም ሰው ሥራ መሥራት እንደሚችል፣ የዘገየ ሕክምና ግን ዕድሜ ልክ እንደሚያስከፍል ከእሳቸው እንማራለን።

ሳይቃጠል በቅጠል

ከስትሮክ ምክንያቶች አብዛኞቹ ልንለውጣቸው የምንችላቸው ናቸው። ከሁሉ የሚበልጠው የደም ግፊት ነው። ግፊት ብዙ ጊዜ አያምም፤ ራስ ምታት እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው ስትሮኩን ቀድሞ ሊያገኘው ይችላል። በተደጋጋሚ ተለክቶ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት አለ ይባላል። መለኪያው ደቂቃዎች ብቻ ይፈጃል። ክኒን የታዘዘለት ሰው ‹‹ተሽሎኛል›› ብሎ ማቆም የለበትም፤ የተሻለው ክኒኑ ስለሠራ ነውና። በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም መድኃኒት የሚወሰድበትን ሰዓት ከሐኪም ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይቻላል። ድንበር ተሻግሮ መድኃኒት የሚገዛ ሰው ደግሞ አንዱ መድኃኒት በሁለቱ አገር ልዩ ልዩ የንግድ ስም ሊኖረው ስለሚችል፣ ያለቀውን ማሸጊያ ይዞ ይሂድ።

ጨው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል፤ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። በወጡ፣ በቡናው፣ በሾርባ ማጣፈጫውና በተጠበሰው ድንች ላይ ያለው ሁሉ ተደምሮ ነው።

ጫት፣ ሲጋራና አልኮል። ጫት የብዙ ቤተሰብ እንጀራ መሆኑን እናውቃለን። ሆኖም ጫት መቃም የልብን ምት እንደሚያፈጥንና ግፊትን እንደሚጨምር የተረጋገጠ ነው። ግፊት ያለበት ሰው ከሲጋራ ጋር አድርጎ ሲቅም በሁለት በኩል ራሱን ይጎዳል። አልኮል ማብዛትም ግፊትን ያሳድጋል። በጠባብ ማድ ቤት የሚታፈን የእንጨትና የከሰል ጭስም ለስትሮክ ያጋልጣል፤ መስኮት መክፈት ገንዘብ አይጠይቅም።

ስኳር በሽታና አለመንቀሳቀስ። ስኳር ያለበት ሰው ክትትሉን አያቋርጥ። በሳምንት አምስት ቀን ለ30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ለልብም ለአንጎልም ይበጃል።

እርግዝና። ነፍሰ ጡር እናት ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የፊትና የእጅ እብጠት ካየች ግፊቷን ወዲያው ትለካ። በእርግዝና ጊዜ የሚነሣ ግፊት ወጣት እናቶችንም ለስትሮክ ይዳርጋል።

የልጆች ጉሮሮ። ይህ በተለይ ትምህርት ቤትን ይመለከታል። በባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመም በአግባቡ ሳይታከም ሲቀር፣ በአንዳንድ ልጆች ላይ መገጣጠሚያንና ልብን የሚያጠቃ ትኩሳት ያስከትላል። የተጎዳው የልብ በር ከዓመታት በኋላ የደም መርጋት ሊያመጣ ይችላል፤ የረጋውም ደም ወደ አንጎል ሲሄድ ገና በወጣትነት ስትሮክ ይሆናል። ስለዚህ ትኩሳት ያለው የጉሮሮ ሕመም ‹‹እንጥል ነው›› ተብሎ አይቆረጥ፤ ጤና ጣቢያ ይታይ። የታዘዘው መድኃኒትም እስከ መጨረሻው ይወሰድ።

ከስትሮክ በኋላ

በብዙ ቤት ስትሮክ የያዘው ሰው በአክብሮት አልጋ ላይ ይቀመጣል፤ ምንም እንዲሠራ አይፈቀድለትም። ፍቅር ነው፤ ነገር ግን አንጎል የሚያገግመው በልምምድ ነው። ሐኪሙ በፈቀደው መጠን ክንዱንና እግሩን በየቀኑ ማንቀሳቀስ፣ መቀመጥ፣ መቆም ያስፈልጋል። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው ጀርባው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጥ። መናገር ያቃተው ሰው ማሰብ አቅቶታል ማለት አይደለም። ስለዚህ እንደ ሕፃን አናናግረው፤ እንደ ደንቆሮም አንጩህበት። አጭር ጥያቄ ጠይቀን በትዕግሥት እንጠብቅ። ተማሪዎች አያቶቻቸውን የዕቃ ስም እያስጠሩ፣ የቤተሰብ ፎቶግራፍ እያሳዩ ቢያለማምዱ ትልቅ እርዳታ ነው። ስትሮክ አንዴ የያዘው ሰው ሁለተኛ ሊይዘው ስለሚችልም መድኃኒቱና ክትትሉ አይቋረጥ።

ከዚህ ጽሑፍ በኋላ በየቤቱ ሦስት ነገር ቢደረግ ደስ ይለናል። ተማሪዎች አራቱን ቃላት በአያቶቻቸው ቋንቋ ተርጉመው በጉልህ ጽፈው በር ላይ ይለጥፉ፤ ከሥሩም የሁለት ጎረቤትና መኪና ያለው የአንድ ዘመድ ስልክ ቁጥር ይጻፉ። ወላጆች በዚህ ወር ውስጥ ግፊታቸውን ይለኩ፤ ቁጥሩንም በደብተር ይያዙ። መምህራን ደግሞ የሰዓት አቆጣጠርን በሚያስተምሩበት ክፍለ ጊዜ፣ የአማርኛውን ወደ እንግሊዝኛው መለወጥን እንደ ተራ ሂሳብ ሳይሆን እንደ ሕይወት ጉዳይ ያስተምሩት። አሥር ጊዜ የተለማመደ ልጅ በድንጋጤ ጊዜ አይሳሳትም።

መልካም የጤናና የትምህርት ዘመን ይሁንልን።